አዲስ አበባ «ኰዲስ ኰተባ» እንዳይሆንባችሁ፦ አማርኛና ሂንዲ በተርሚናል

ስራዬ የሶፍትዌር ትርጉም ፋይሎችን ማዘጋጀት ነው። ተርጓሚዎች የሚልኩትን አማርኛ እቀበላለሁ፣ አጣራለሁ፣ ወደ ፕሮግራሙ አስገባለሁ። ፋይሎቹ ያሉት ውጭ አገር በተከራየነው ሰርቨር ላይ ነው። ኢንተርኔታችንን ታውቁታላችሁ። የሰርቨሩን ስክሪን በምስል እያመጡ ከመስራት በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) መግባት ይሻላል፤ የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ኔትወርኩ ሲያነክስም ስራው አይቆምም። ችግሩ ተርሚናሉ ለአማርኛ አለመዘጋጀቱ ነበር። ኋላ ደግሞ የሂንዲ ፋይሎች ተጨመሩ። እሱ የራሱ ጣጣ አለው፣ እመጣበታለሁ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚገኘው ምክር ብዙውን ጊዜ «ፎንት ጫን» ብሎ ያበቃል። ፎንት ያስፈልጋል፣ ግን ከሚያስፈልገው ውስጥ ትንሹ ነው። አንድ ነገር ጭኖ እንቢ ሲል ሌላ መጫን፣ እሱም እንቢ ሲል ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን፣ ብዙ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ይሄ ነው። እኔን ከዚህ ያወጣኝ የሚታየውን ብልሽት ራሱን ማንበብ መልመዴ ነው። ባዶ ሳጥን የሚናገረው አንድ ነገር ነው፣ የጥያቄ ምልክት ሌላ፣ ግማሹ የተቆረጠ ፊደል ደግሞ ሌላ። ማናቸው መቼ እንደሚመጡ ካወቃችሁ ምንም ነገር በግምት አትነኩም።

አንድ ነገር ላስቀድም። የትዕዛዞቹን ስም ስንጠራቸው እንደሚሰሙት ነው የምጽፈው። ተርሚናል የሚጠቀም ሰው የትኞቹ እንደሆኑ አይጠፋውም።

መጀመሪያ የመጣው ሳጥን ነበር። ፋይሉን በካት ስከፍተው ከዳር እስከ ዳር ባዶ አራት ማዕዘን። ሳጥን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ኮምፒውተሩ የትኛው ፊደል እንደሆነ አውቆታል ማለት ነው፤ ያጣው የሚስልበትን ቅርጽ ብቻ ነው። ተርሚናል ላይ የሚወደዱት ፎንቶች አብዛኞቹ ግዕዝ የላቸውም። ደጃቩ ሳንስ ሞኖ የለውም፣ ኖቶ ሳንስ ሞኖም የለውም። ስለዚህ ሲስተሙ ግዕዝ ካለው ሌላ ፎንት መዋስ አለበት። የሚዋስበት ከሌለ ሳጥን ይስላል።

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በሚባሉት ሊኑክሶች ላይ ኖቶ-ኮር የሚባለው የፎንት ጥቅል ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አለ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ደግሞ ለብቻው ይጫናል። ከጫናችሁ በኋላ ኤፍሲ-ሊስት የሚለውን ትዕዛዝ በአማርኛ የቋንቋ መለያ ጠይቁት፤ አማርኛ መስራት የሚችሉትን ፎንቶች ብቻ ይዘረዝርላችኋል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ አልተጫነም ማለት ነው፤ ወደ ሌላ ነገር አትሂዱ። ስም ከወጣና ሳጥኑ ካልጠፋ ደግሞ የተከፈቱትን የተርሚናል መስኮቶች በሙሉ ዝጉና እንደገና ክፈቱ። አንዱን ብቻ መዝጋት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ግኖም ተርሚናል መስኮቶቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው በአንድ ፕሮግራም ነው።

ከሁለቱ የቱን? አቢሲኒካ ውብ ነው፣ የእጅ ጽሕፈት መልክ አለው። ግን ለመጽሐፍ ነው የሚያምረው። በተርሚናል መጠን ሲያንስ ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፉና ዓይን ያደክማል። ለተርሚናል ኖቶ ሳንስ ይሻላል። ማክ ላይ ያላችሁ ከፋ የሚባለው ፎንት አብሮ ስለሚመጣ፣ ዊንዶውስ ላይ ያላችሁም ኤብሪማ ስላለ ይህ ደረጃ ላያስቸግራችሁ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ግን አዲሱን ዊንዶውስ ተርሚናል ተጠቀሙ። በድሮው ጥቁር መስኮት ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ካያችሁስ? ያ ፋይል ምናልባት የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜም፣ እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደሎችን ቦታ ይዘው በራሳቸው ፎንት ያሳዩ ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ምንም ብትጭኑ ተርሚናል ላይ አይነበብም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። አንድ አንጋፋ ተርጓሚ የላኩልን ፋይል እንዲህ ነበር፤ ፋይሉ የተበላሸ መስሎን እንደገና እንዲልኩት አስቸገርናቸው። ፋይሉ ምንም አልነበረበትም።

ፎንቱ ገባ፣ ሳጥኑ ጠፋ። አሁን ደግሞ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። ሐ ቀኝ እግሩ ተቆርጧል፣ ጨ ከጎኑ ያለው ላይ ወጥቷል፣ ሠ ምን እንደሆነ አይለይም። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ተርሚናል በአማርኛ አይሆንም ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ተርሚናል ስክሪኑን እንደ ሒሳብ ደብተር በእኩል ካሬ ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ፊደል ስንት ካሬ እንደሚይዝ የሚወሰነው በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ነው። የቻይና ፊደል ሁለት ካሬ ተሰጥቶታል። የእኛ ፊደል ግን አንድ ካሬ ነው የተሰጠው፣ ልክ እንደ ላቲኑ። የካሬው ስፋት የተለካው ደግሞ በላቲኑ ፎንት ነው። ጨ እና ሐ እዚያ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ተርሚናሉ ወይ ይቆርጣቸዋል፣ ወይ ይጨምቃቸዋል፣ ወይ ጎረቤታቸው ላይ ያፈሳቸዋል። ፎንት ብትቀያይሩ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ስፋታቸው አሻሚ የሆኑ ፊደሎችን የሚመለከት ምርጫ ታገኛላችሁ። መልሱ እሱ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የእኛ ፊደል በሰንጠረዡ ላይ አሻሚ ተብሎ አልተመደበም። ያንን ብትነኩት አማርኛው እንደነበረ ይቀራል፣ ሌሎች ምልክቶች ግን ቦታቸውን ይስታሉ።

የሚሰራው ካሬውን ራሱን ማስፋት ነው። ግኖም ተርሚናል ላይ በፕሮፋይሉ የጽሑፍ ገጽ ውስጥ የካሬ ክፍተት የሚስተካከልበት ቦታ አለ፤ ስፋቱን ከ1 እስከ 2 እጥፍ ድረስ መጨመር ይቻላል። እኔ 1.3 አካባቢ ላይ ተመቸኝ። ኪቲ የሚባለውን ተርሚናል የምትጠቀሙ ሞዲፋይ-ፎንት በሚለው መስመር የሴሉን ስፋት 130 ፐርሰንት በሉት። እዚያው የግዕዝን ፊደሎች ለይቶ ለአንድ ፎንት የሚሰጥ ሲምቦል-ማፕ የሚባል መስመርም አለ፣ እሱንም ጨምሩ። ዊንዶውስ ተርሚናልም የሴል ስፋት የሚቀየርበት ሴቲንግ አለው። ዋጋው ላቲኑ ትንሽ መበታተኑ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ የተለየ ፕሮፋይል ክፈቱለት። ኮድ ስትጽፉ በወትሮው፣ አማርኛ ስታነቡ በሰፊው። የፊደሉንም መጠን በአንድ ሁለት ነጥብ ከፍ አድርጉት። የእኛ ፊደል ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ትንሽ ሲሆን ጅ እና ጀ፣ ት እና ቶ ይምታታሉ።

በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሁሉ ነገር ካማረ በኋላ ወደ ሰርቨሩ በኤስኤስኤች ገባሁ። ኤልኤስ ብዬ ፋይሎቹን ሳዘረዝር «ሰላም» የሚለው የፋይል ስም 341 210 260 እያለ በሚቀጥል የቁጥር ሰልፍ ወጣ። ሌስ ውስጥ ደግሞ በቅንፍ የታጠሩ ኮዶች ብቻ። አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፍለው ቲመክስ ውስጥ ስገባ በየፊደሉ ፈንታ የግርጌ ሰረዝ ተደረደረ። በዚህ ጊዜ ፎንቱን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ቁጥር፣ የጥያቄ ምልክት ወይም የግርጌ ሰረዝ ካያችሁ ፎንቱ ምንም አላጠፋም፤ ፕሮግራሙ የሚያየውን ነገር ፊደል ብሎ አልተቀበለውም።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች ፋይል ውስጥ በሚጻፉበት ኮድ) ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይይዛል። 341፣ 210፣ 260 የሚሉት ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ሰ ናቸው። ፕሮግራሙ ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚያነባቸው ሎኬሉ (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ኮድ ምርጫ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ሲነገረው ነው። ሰርቨሩ ላይ ሎኬል ብላችሁ ጻፉ። መልሱ ውስጥ ዩቲኤፍ-8 የሚል ከሌለ፣ ወይም ባዶ «ሲ» ወይም «ፖዚክስ» ካለ፣ ጉዳዩ እሱ ነው።

የእኔ ነገር ትንሽ ጠምዘዝ ያለ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ሎኬሉን የኢትዮጵያ አማርኛ አድርጌው ነበር፣ አማርኛ ለማየት እሱ የሚያስፈልግ ይመስላላ። ኤስኤስኤች በኡቡንቱ ላይ ሲገባ የእናንተን የቋንቋ ምርጫ ይዞ ይሄዳል። ሰርቨሩ ያንን ሎኬል አያውቀውም። ሲገባ አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ይጥልና ዝም ብሎ ወደ «ሲ» ይመለሳል። ያቺን መስመር ሁላችንም አይተን እናልፋታለን። አትለፏት።

የአማርኛ ሎኬል አማርኛ ለማየትም ሆነ ለመጻፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዩቲኤፍ-8 የሚለው ጭራ ነው፤ ከፊቱ እንግሊዝኛ ቢሆን ግድ የለም። የአማርኛው ሎኬል የሚለውጠው የቀንና የወር ስም፣ የቁጥር አጻጻፍና የመሳሰሉትን ነው። መስከረም ጥቅምት ይለኛል ብላችሁም አትጠብቁ፤ የፈረንጁን ወር ነው በእኛ ፊደል የሚጽፈው። ቀን የሚያነብ ስክሪፕት ካላችሁ ደግሞ ይሰበርባችኋል። ሰርቨር ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ከሌላችሁና አዲስ ሎኬል ማመንጨት ካልቻላችሁ «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8» የሚባል አለ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ምንም ሳይጫን ይገኛል። እኔ አሁን በየሄድኩበት እሱን ነው የምጠቀመው።

ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ቲመክስ ቀድሞ በተበላሸው ሎኬል ተከፍቶ ከነበረ ዘግታችሁ በዩ ምልክት ክፈቱት። ጊት የአማርኛ ፋይል ስሞችን በቁጥር ማሳየቱን ከቀጠለ ሎኬል አይፈታውም፤ ኮትፓዝ የሚባለውን ሴቲንግ ፎልስ አድርጉት። ፓይተን መጻፍ አልችልም ብሎ ከተደናቀፈ የዩቲኤፍ-8 ሁነታውን በአካባቢ ተለዋዋጭ አብሩለት።

ማንበቡ ሲሰራ መጻፉ ቀረ። መጀመሪያ የሚታየው በሴቲንግ ውስጥ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ነው። እሱ አንድ ቁልፍ ለአንድ ፊደል የሚሰጥ ነው። የእኛ ፊደል 33 ቤት በሰባት ስለሆነ 231 ነው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ኪቦርዱ ላይ ያን ያህል ቁልፍ የለም። የሚያስፈልገው ተነባቢና አናባቢ ስትጫኑ አንድ ፊደል አድርጎ የሚያዋህድ ነው። ሊኑክስ ላይ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከኤም17ኤን ጥቅል ጋር ጫኑት። በዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ስር ሴራ የሚል ታገኛላችሁ። ስልካችሁ ላይ አማርኛን በላቲን እየጻፋችሁ ወደ ፊደል የሚቀይር ኪቦርድ ከተጠቀማችሁ ቶሎ ይለመዳል። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ግን ይለያያሉ፤ ትንሿ ቲ ት፣ ትልቋ ቲ ጥ ናት። ኪማንም ለሊኑክስ አለ፣ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ እሱ ላይ ይገኛል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ኪቲ የምትጠቀሙ በጂኤልኤፍደብሊው በሚጀምረው የአካባቢ ተለዋዋጭ አይባስ ብላችሁ ካልነገራችሁት አማርኛ ላይጽፍላችሁ ይችላል። ሌላ ቦታ ሁሉ እየሰራ ኪቲ ላይ ብቻ እንቢ ካለ መጀመሪያ ይሄን እዩ።

መጻፍ ሲጀመር ደግሞ አዲስ ዓይነት ስህተት ይመጣል። ሴራ ሥርዓተ ነጥቡንም ይቀይራል። ነጠላ ሰረዝ የነበረው ፣ ይሆናል፣ ሁለት ነጥቡ ፡ ይሆናል። ፋይል ወደ ሰርቨር ስትልኩ የሰርቨሩ ስምና የፋይሉ ስም መካከል የምታስገቡት ሁለት ነጥብ የእኛ ፡ ከሆነ፣ ፋይል የሚልከው ኤስሲፒ ሰርቨር መሆኑን አያውቅም። ያለ ምንም ቅሬታ እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ረጅም ስም ያለው ቅጂ ይፈጥራል። በዓይን ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ፋይሉ ተልኳል ብዬ ሻይ ልጠጣ ሄጄ አውቃለሁ። ስለዚህ ትዕዛዝ በላቲን፣ ይዘት በአማርኛ። ሱፐርና ስፔስን አብራችሁ ስትጫኑ የሚቀያየረውን እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን የቋንቋ ምልክት እያያችሁ ስሩ። ቪም የሚባለውን አርታኢ የምትወዱ ከሁሉ በላይ ትሰቃያላችሁ፤ ከመጻፊያ ሁነታ በወጣችሁ ቁጥር ኪቦርዱን መመለስ አለባችሁ። እኔ ለአማርኛ ፋይል ናኖን ነው የምከፍተው።

ሌላዋ የምታበሳጭ ነገር ማጥፊያ ቁልፏ ናት። አንዳንድ ስክሪፕት «ስም አስገባ» ብሎ ሲጠይቅ አማርኛ ጽፋችሁ አንድ ፊደል ስታጠፉ ከሦስቱ ባይት አንዱ ብቻ ይጠፋና ቅሪቱ ውስጥ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የጠፋ ይመስላል። በኋላ ፋይሉ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ሆኖ ይወጣል። ኤስቲቲዋይ የሚለውን ትዕዛዝ አይዩቲኤፍ8 ከሚል ቃል ጋር አንዴ ስታስኬዱት ይስተካከላል።

በሰው ኮምፒውተር ላይ ስትሆኑና ምንም መጫን ሳትችሉ ስትቀሩ ኢማክስ አለላችሁ። ኢማክስ የራሱ የግዕዝ መጻፊያ ከውስጡ ተሰርቶለታል፣ ኢትዮፒክ ይባላል። ሰርቨሩ ላይ ኢማክስ ካለ በየትኛውም ኪቦርድ ገብታችሁ አማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ፤ መክፈቻና መዝጊያው ኮንትሮልና የኋላ ዝርግ ናቸው። እዚያው ኮንትሮል ኤች ብላችሁ ኤች ስትደግሙ በብዙ ቋንቋ ሰላምታ የሚዘረዝር ፋይል ይከፈታል። ከዝርዝሩ አንዱ አማርኛ ነው፣ «ሠላም» ይላል፣ በንጉሡ ሠ። ተርሚናላችሁን ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ አንድ ገጽ አላውቅም።

አሁን ወደ ርዕሱ እንምጣ። ለፍለጋ እንዲመች ሠ እና ሰን አንድ የሚያደርግ ስክሪፕት ከቀድሞ ሠራተኛ ወርሰናል። የተርጓሚን ፊደል መለወጥ አልደግፍም፤ ይህ ግን ለፍለጋ ማውጫው ብቻ ነበር። ስክሪፕቱ ቲአር የሚለውን ትዕዛዝ ይጠቀማል፤ ሠን ውሰድ፣ ሰን ተካ። ቀላል ይመስላል። አስኬድነው። ማውጫው ውስጥ አዲስ አበባ «ኰዲስ ኰተባ» ሆነ። አበበ «ኰተተ» ሆነ። ጠጅ «ጰጅ» ሆነ።

ቢሮው ውስጥ ሳቅ በሳቅ ሆነ፣ ከዚያ ፍርሃት መጣ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ነገር እንዲህ አልፏል? ምክንያቱ ሲታይ ግን ግልጽ ነው። ሊኑክስ ላይ ያለው ቲአር የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። ሠ በባይት፣ በተለመደው የአስር መደብ ቁጥር ሲጻፍ (ኤልኤስ ከላይ ያሳየው በስምንት መደብ ነበር)፣ 225፣ 136፣ 160 ነው። ሰ 225፣ 136፣ 176። ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ናት። ስለዚህ ቲአር የተረዳው «160ን ባገኘህበት ሁሉ 176 አድርገው» የሚል ትዕዛዝ ነው። በ ደግሞ 225፣ 137፣ 160 ነው፤ መጨረሻው ሲቀየር ተ ይሆናል። አ ኰ ይሆናል፣ ጠ ጰ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስፈራው ውጤቱ ትክክለኛ ዩኒኮድ መሆኑ ነው። ምንም ፕሮግራም ስህተት አለ አይላችሁም። አማርኛ የሚያነብ ሰው ካላየው ይታለፋል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ቲአርን አትጠቀሙ። ሴድ ተጠቀሙ፣ የመተኪያ ትዕዛዙ ሙሉውን ፊደል አይቶ ነው የሚተካው። ብዙ ፊደል በአንዴ የሚቀይረው የሴድ ዋይ ትዕዛዝም ይሰራል፣ ግን ሎኬሉ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ ብቻ ነው። «ሲ» ላይ ካላችሁ ያው የቲአር ነገር ነው።

ያን ጊዜ ሌሎቹንም መሣሪያዎች መፈተሽ ጀመርኩ። ኡቡንቱ ላይ ተጭኖ የሚመጣው ኤምኦክ «ሰላም»ን ርዝመቱ 9 ነው ይላል፤ ጂኦክ 3 ይላል። ይህ ለካ ለረጅም ጊዜ ሲጎዳን ኖሯል። የአዝራር ጽሑፍ ከተወሰነ ርዝመት እንዳያልፍ የሚፈትሽ ነገር ነበረን። አማርኛው ሁሌ «ረዝሟል» እየተባለ ይመለስ ነበር፣ ተርጓሚዎቹም ያለ ጥፋታቸው ቃል ሲያሳጥሩ ከርመዋል። ከት የሚለው ትዕዛዝ በፊደል ቁረጥ ብትሉትም በብዙ ስሪቶች በባይት ነው የሚቆርጠው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስጠኝ ስትሉት አንዷን ሰ ብቻ ይሰጣችኋል። ደብሊውሲ ላይ በሲ ምልክት ባይት፣ በኤም ምልክት ፊደል ነው የሚቆጠረው። አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለ። ሶርትን ሆን ብላችሁ በ«ሲ» ሎኬል ብታስኬዱት ዝርዝሩ በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል ይወጣል፤ ዩኒኮድ ፊደሎቹን ያስቀመጣቸው በዚያው ተራ ስለሆነ ነው።

ለማወቅ ጉጉት ላላችሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ግራፊክስ በሌለው ጥቁር ኮንሶል ላይም ግዕዝ ይሰራል። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 ቅርጽ በላይ መያዝ አይችልም። የእኛ ዋና ፊደል እዚያ ውስጥ ይገባል። የዴቢያን ኮንሶል-ሴታፕ ውስጥ ጎሃ የሚባሉ የግዕዝ ፎንቶች አሉ፣ በሴትፎንት ነው የሚጫኑት። ለስራ አልተጠቀምኩባቸውም። አንድ ሰው ተቀምጦ በዚያች ጠባብ ቦታ ጨን እንዴት እንደሳለው ማየት ብቻ ያስደስታል።

ሂንዲው ሲመጣ ያው ፎንት፣ ያው ሎኬል፣ አለቀ ብዬ ነበር የተቀበልኩት። ሂንዲ በሚጻፍበት በዴቫናጋሪ ፊደል የተሰራውን ኖቶ ሳንስ ዴቫናጋሪን ጫንኩ፣ ሳጥን አልነበረም፣ ሁሉም ፊደል ታየ። ሕንዳዊው ባልደረባችን ግን ስክሪኑን አይቶ ይህ ሂንዲ አይደለም አለኝ።

የእኛ ፊደልና የእነሱ በአሠራር ይመሳሰላሉ፤ አናባቢው ተነባቢው ላይ ይቀጠላል። ዩኒኮድ ግን በተለያየ መንገድ ነው የያዛቸው። ለእኛ ሰ፣ ሱ፣ ሲ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ ተሰርተው ያለቁ ናቸው። ዴቫናጋሪ ላይ ተነባቢው ለብቻው፣ የአናባቢው ምልክት ለብቻው ይቀመጣሉ፤ የሚያዋህዳቸው ስክሪኑ ላይ የሚስለው ፕሮግራም ነው። አጭሯ የኢ ምልክት ፋይሉ ውስጥ ከተነባቢው በኋላ ነው ያለችው፣ ስትታይ ግን ከፊቱ መቆም አለባት። ሁለት ተነባቢዎች ሲገናኙ ደግሞ ተጣምረው ሌላ ቅርጽ ይሰራሉ። ይህን የማያውቅ ተርሚናል ምልክቶቹን በተቀመጡበት ተራ ይደረድራቸዋል። እኔ የማየው የዴቫናጋሪ ፊደል ነው፤ እሱ የሚያየው የተገለባበጠ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ካሬ ማስፋት አይረዳም። ተርሚናሉን ራሱን መቀየር ያስፈልጋል። ኤምኤልተርም የሚባለው ከመጀመሪያውም ለብዙ ቋንቋ ተብሎ የተሰራ ነው፣ የሕንድ ፊደሎችንም በሥርዓቱ ያጣምራል። የካሬውን ስፋት እንደ ፊደሉ የሚለዋውጥ ምርጫም አለው፤ ለሂንዲ አብሩት። የኬዲኢው ኮንሶሌም ፊደሎቹን ያጣምራል። ኤምኤልተርም መልኩ የድሮ ነው፣ ሴቲንጉም ያሰለቻል። ግን በሂንዲ ባልደረባዬን ያረካው እሱ ነው።

ለመጻፍ ያው አይባስና ኤም17ኤን ይበቃል። እንደ እኔ በላቲን ድምፅ የሚጽፍ አይትራንስን ይመርጣል። ሕንድ ውስጥ ኪቦርድ የተማሩ ሰዎች ግን ኢንስክሪፕትን ነው የሚፈልጉት። የኢንስክሪፕት ጥሩነቱ ዴቫናጋሪም ሆነ ታሚል ወይም ቤንጋሊ፣ አንድ ድምፅ በአንድ ቁልፍ ላይ መቀመጡ ነው። ለባልደረባችሁ ስትጭኑ የቱን እንደለመደ ጠይቁት፤ እኔ አይትራንስ ጭኜለት ፈገግ ብሎ ኢንስክሪፕቱን ራሱ ጨመረ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን በደንብ አይሰራም። ኤምኤልተርም ፊደሉን በትክክል ቢስልም፣ ውስጡ የሚሰራው አርታኢ ቃሉ ስንት ካሬ እንደያዘ በራሱ መንገድ ነው የሚቆጥረው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ከርሰሩ ከቃሉ ይርቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ሆናችሁ ስታጠፉ ሌላ ቦታ ያለው ፊደል ይጠፋል። ስለዚህ ሂንዲን ተርሚናል ውስጥ አላርምም። መፈለግ፣ መቁጠር፣ ማነጻጸር፣ ማዛወር እዚያው እሠራለሁ። አንድ ቃል መነካት ካለበት ፋይሉን ወደ ላፕቶፔ አውርጄ በግራፊክ አርታኢ እከፍተዋለሁ። ተርጓሚውን «ይህ ተበላሽቷል» ከማለቴ በፊትም ቃሉን ብራውዘር ውስጥ ለጥፌ አየዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ደህና ነው።